በፎቶዬ ሥር የተጻፈው ቃል

በደል ተፈጽሞብኛል፤ እሱ ይመዝገብልኝ። በፎቶዬ ሥር ያልተናገርኩት ቃል ታትሞ፣ ለማላውቀው ሕዝብ ሁሉ በፖስታ ታድሏል። ያደለውም ለኮንግረስ የሚወዳደር፣ ከረባት ያሰረ፣ ቤቴ ገብቶ ሁለት ሳህን ቅንጬ የበላ ሰው ነው። ስሙን አልጽፍም። እሱ በእኔ ፊት የፈለገውን እንደሠራ እኔም በእሱ ስም የፈለግኩትን ልሥራ ብል፣ በምን ተሻልኩት?

ልጄ «እማዬ፣ ይኼ እኮ በፈረንጆቹ የሰማንያዎቹ ወሬ ነው፤ አሁን ማን ያስታውሰዋል?» ትለኛለች። እኔ አስታውሰዋለሁ። የተበደለው ካስታወሰ ይበቃል።

ያኔ ሲያትል ከመጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ሬኒየር ቫሊ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከልጄ ጋር እኖራለሁ። እሷ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ከተማ ቱክዊላ ሄዳ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች። እኔ ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት እንግሊዝኛ እማራለሁ። አገሬ ሳለሁ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ጀምሬ፣ ግማሹ ላይ ሳልደርስ ነው ለባል የተሰጠሁት። ስለዚህ በስተርጅና እርሳስ ስይዝ የቀረብኝን ልጨርስ እንጂ ልጫወት አልነበረም።

ትምህርት ቤታችን የአንድ አዳራሽ ምድር ቤት ነው። መስኮቱ ከመሬት እኩል ስለሆነ የሚታየን የመንገደኛ ጫማ ብቻ ነው። አስተማሪዋን የሚቀጥራት መንግሥት ነው። ከእኔ ጋር በአንድ ጠረጴዛ የምትቀመጠው ከካምቦዲያ የመጣች፣ ዕድሜዋ ከእኔ የሚስተካከል ሴት ነበረች። እሷ የእኔን ቋንቋ አታውቅ፣ እኔ የእሷን አላውቅ፤ እንግሊዝኛውን ደግሞ ሁለታችንም አናውቀው። ግን አንድ ላጲስ በጋራ ነበረችን። ከምንጽፈው የምናጠፋው ስለሚበዛ፣ ላጲሷ በእሷና በእኔ እጅ መሃል ቀኑን ሙሉ ስትመላለስ ትውላለች። በዚህ አገር የመጀመሪያዋ ጓደኛዬ እሷ ነች።

ሰውየው የመጣው በፍልሰታ ጾም፣ ፀሐይዋ በምትፋጅበት ቀን ነው። ለማያውቅ ላስረዳ፤ እዚህ አገር ከዋናው ምርጫ በፊት የማጣሪያ ምርጫ አለ። የአንድ ፓርቲ ሰዎች መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ይቦጫጨቃሉ፤ የተረፈው ከሌላው ፓርቲ ጋር ይገጥማል። የኛ አካባቢ የኮንግረስ ወንበር ላይ ለብዙ ዘመን የተቀመጠ ሰው ነበረ። ይኼኛው ደግሞ ከራሱ ፓርቲ ተነስቶ «ልቀቅ፣ እኔ ልቀመጥበት» ያለው ነው። ምክንያቱ መንግሥት ወፍሯል፣ ይቀንስ የሚል ነው። እንዲቀንስ ደግሞ እሱ ራሱ መግባት አለበት። እንዴት እሱ ሲጨመር እንደሚቀንስ አልገባኝም፤ ያልተማርኩ ስለሆንኩ ይሆናል።

በሩ ሲንኳኳ ልጄ በመስኮት አየች።

«እማዬ፣ የምርጫ ሰዎች ናቸው። ፍላየር ሰጥተው ይሄዳሉ፤ እንዳታስገቢያቸው።»

«በዚህ ፀሐይ? ሰውየው እኮ ላቡ ከረባቱ ድረስ ወርዷል።»

«ሶ? እኔ ሥራ ልሄድ ነው። አሁን ቁጭ ብለሽ ትራንስሌት አድርጊልኝ ልትዪኝ ነው አይደል?»

«ባስሽ እስኪመጣ ብቻ።»

ገቡ። እሱና አንገቷ ላይ ካሜራ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት ናቸው። ልጄ ገና በሩ ላይ «እናቴ ዜጋ ስላልሆነች አትመርጥም» ብላዋለች። «ምንም ችግር የለውም» አለ። ያን ጊዜ ጨዋነት መስሎኝ ነበር።

ውሃ ሰጠሁት። ጠዋት የሠራሁት ቅንጬ ስለነበረ በሳህን አቀረብኩለት። እኔ ጿሚ ነኝ፤ እሱ በላ። ሲጨርስ ጨመርኩለት፤ እሱንም በላ። መንግሥት ለሰው በነፃ መስጠት የለበትም የሚለውን የነገረን በሁለተኛው ሳህን ላይ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ሰውየው ያለው ነገር ደስ ብሎኛል። እኔ ስለ መንግሥት ውፍረት የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም። አገሬ ሳለሁ ቀበሌው መጥቶ ወንበሬን ቆጥሯል። አራት ነበሩ፤ ለአንቺ ሦስት ይበቃሻል ተብዬ አንዱ ለስብሰባ ተወሰደ። ሊቀመንበሩ ተቀምጦበት አየሁት፤ ወንበሬን መቼም አልስተውም። ይህን ሁሉ በልጄ አፍ ነገርኩት። «መንግሥት ከሰው ቤት ይውጣ» አልኩት። ሰውየው ማንኪያውን አስቀምጦ ሊያጨበጭብ ምንም አልቀረው።

እኔ ግን አልጨረስኩም። «ትምህርት ቤታችንን ደግሞ እንዳትነካ» አልኩት። «እኛ ፊደል እንማር ነው የምንለው፤ ምንም አይስጠን አላልንም። ወንበር መውሰድና እርሳስ መስጠት አንድ አይደለም።» ልጄ ተረጎመች። ባሷን እያሰበች አሳጥራ እንዳትነግረው ብዬ አስደገምኳት። ደገመችለት። አንገቱን ነቀነቀ። አሁንም ሳስበው፣ አንገቱን የነቀነቀው ለቅንጬው ሳይሆን አይቀርም።

ሊሄዱ ሲነሱ ተነስቼ እጄን ዘርግቼ መረቅኩት። ቤቴ የገባ ሰው ሳይመረቅ ይውጣ? ልጄ «አንገትህን ዝቅ አድርግ» አለችው፤ ዝቅ አደረገ። «ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ ከክፉ ይሰውርህ» አልኩ። በዚያው ሳምንት የባሱን ሾፌር፣ ጥርሴን የነቀለውን ሐኪምና ፖስታ የምታመጣውን ሴትም መርቄአለሁ። አንዳቸውም ለኮንግረስ አልተወዳደሩም። «አሜን» ያለችው ልጄ ብቻ ናት፤ ካሜራዋ ግን ብልጭ አለች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ክፍል ገብቼ ስቀመጥ፣ የካምቦዲያዋ ጓደኛዬ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ፎቶው ላይ እኔ ነኝ። ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ፣ እጆቼ ወደ ላይ፣ ሰውየው ከሥሬ አጎንብሶ። ሳየው መጀመሪያ አማረብኝ፤ ይህንንም አልደብቅም። ከሥሩ ግን ጽሑፍ ነበረ። ጓደኛዬ ጣቷን ጽሑፉ ላይ አድርጋ አስተማሪዋን ጠራች። አስተማሪዋ ቀስ ብላ፣ አንዱን ቃል በእጇ ምልክት፣ ሌላውን በሥዕል እያሳየች አስረዳችን። በኛ አማርኛ እንዲህ ነው፤ «መንግሥት ምንም አይስጠን። ይተወን።» ከሥሩ ደግሞ ሰውየው ከተመረጠ እንደኛ ያሉትን ትምህርት ቤቶች አስቀርቶ የሕዝብ ገንዘብ እንደሚያድን ተጽፏል።

እኔ «ኖ፣ ኖ» አልኩ። ከዚያ በላይ የሚሆን እንግሊዝኛ ገና አልደረስንበትም ነበር።

ጓደኛዬ ቦርሳዋን ከፍታ ላጲሷን አወጣች። በመቀስ ለሁለት ቆረጠቻት። እኩል ነው የቆረጠችው፤ አላጭበረበረችኝም። ግማሹን እፊቴ አስቀምጣ፣ ወንበሯን ይዛ ሌላ ጠረጴዛ ሄደች። ሰው ሰድቦኝ ያውቃል፤ ቀበሌም አስሮኝ ያውቃል፤ እንደዚያች ግማሽ ላጲስ ያቃጠለኝ ነገር ግን የለም።

ቤት እንደገባሁ ልጄን «ለዚያ ሰውዬ ደውዪ» አልኳት። ቢሮው ኮል አደረገች። ብዙ አወራች፤ ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ተቀያይሯል።

«ምን አሉሽ?»

«ስለ ድጋፋችሁ እናመሰግናለን አሉ።»

«የምን ድጋፍ?»

«እሱን እኮ ነው የምላቸው! ‹እናቴ አንግሪ ናት› ስላት፣ ልጅቷ ‹ሁላችንም መንግሥት ላይ አንግሪ ነን› አለችኝ።»

በሳምንቱ በፖስታ የመጣልን ይቅርታ ሳይሆን መኪና ላይ የሚለጠፍ የሰውየው ስም ነው። መኪና የለንም።

እንግዲህ ሰው ሲበድል በኛ ወግ ሽማግሌ ይላክበታል። ስልክ ምን ያውቃል፤ ሽማግሌ ፊት የተቀመጠ ሰው ግን ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል። ስለዚህ ሁለት ሰው ለመንኩ። አንዱ አገራቸው የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ኦርቶዶክስ፣ ሌላው የጴንጤዎች ቸርች የሚያገለግሉ ሆቴል ሠራተኛ ናቸው። ሁለት ሃይማኖት ካየ የበለጠ ያፍራል ብዬ ነው። የሰውየው ቢሮ ቱክዊላ ገበያ አዳራሹ አጠገብ ስለነበረ በባስ ሄድን።

«ጸሎቱን እኔ ልክፈት» አሉ ጴንጤው።

«አንቱ ከከፈቱት ምርጫው ያልፍብናል» አሉ ጸሐፊው።

«አባቶቼ፣ አሁን እኔን አስታርቁ፤ እናንተን ሌላ ቀን እናስታርቃለን» አልኳቸው።

ቢሮው ገብተን ተቀመጥን። ሰውየው ከጓዳ ሲወጣ ሽማግሌዎቼ እንደ ጨዋ ሰው ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሱ፤ እኔም አብሬ ተነሳሁ። ካሜራዋ ብልጭ አለች። ጸሐፊው በፍርድ ቤት እንግሊዝኛቸው ስለ በደል፣ ስለ ካሣና ስለ እርቅ ረጅም ንግግር አደረጉ። ንግግሩ ሲያልቅ ቢሮው ውስጥ ያሉት ወጣቶች በሙሉ አጨበጨቡ። ሰውየው የሦስታችንንም እጅ ጨበጠ፤ ስልክ ተጠራና ተመልሶ ጓዳ ገባ። ከወጣቶቹ አንዷ በሁለት እጇ አድርጋ የሰውየው ስም ያለበት የደረት ባጅ ሰጠችን። በሁለት እጅ የተሰጠ ነገር እንዴት ይመለሳል? ጴንጤው ደረታቸው ላይ ሰኩት፤ ካሜራዋ ደግማ ብልጭ አለች።

ቀጣዩ ወረቀት ከመድረሱ በፊት ምን እንደሚል ልነግራችሁ እችል ነበር። ሦስታችን ቆመን፣ ባርኔጣ በእጅ፣ ባጅ በጴንጤው ደረት። ከሥሩ «የኢትዮጵያውያን ሽማግሌዎችም ደገፉን» ይላል።

ጸሐፊው ወረቀቱ በደረሰ ዕለት ቤቴ ድረስ መጡ። ወረቀቱን እንደ ክስ ማመልከቻ ዘርግተው፣ «እትዬ፣» አሉኝ፣ «እርቅ ልንጠይቅ ሄደን ካድሬ ሆነን መጣን! ካድሬ እንዳልሆን ስል አይደለም እንዴ አገሬን የለቀቅኩት?» ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እኔ ይቅርታ ፍለጋ ወጥቼ ይቅርታ ጠያቂ ሆኜ አረፍኩት።

ወሬው ወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ሰውዬ ወገኖችም ደረሰ መሰለኝ፣ አንድ መላክተኛቸው ቤቴ መጣ። ካልሲውና ከረባቱ አንድ ቀለም ነው። ጋዜጣ ላይ የሚወጣ፣ ተዘጋጅቶ የመጣ ጽሑፍ ለልጄ ሰጣትና እኔ እንድፈርምበት ጠየቀ።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«ያ ሰውዬ ቤታችን በግድ ገባ ይላል። አስፈራርቶ ፎቶ አነሳኝ ይላል። አሁን ያለው የኮንግረስ ሰው ግን የስደተኞች አባት ነው ይላል።»

«አባቴ ካረፈ ቆይቷል በዪው። ደግሞ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስፈራራኝም፤ ሰውየው ሁለት ሳህን ቅንጬ በላ፣ ከዚያ ቃሌን ግማሹን ጣለው። እንደዚህ ብሎ ይጻፈውና እፈርማለሁ።»

ልጄ ነገረችው። መላክተኛው ሰዓቱን አየና መለሰላት።

«እማዬ፣ ‹ቅንጬው ለኛ አይጠቅመንም› አለ።»

ሲሄድ ልጄ እኔ ላይ ዞረች። «ኦኬ፣ ለምን አልፈረምሽም? ያቺ ጓደኛሽ ጋዜጣ ላይ ብታየው እኮ ነገሩ ያልቅ ነበር። በየቀኑ ስለ ላጲስ የምትነግሪኝ አንቺ አይደለሽም?»

«አንዱን ውሸት በሌላ ውሸት ላጥፋው? እሱማ ላጲስ አይደለም፤ እርሳስ ነው።»

መላክተኛውንም መርቄ ነው የሸኘሁት። መጀመሪያ ግን ካሜራ አለመያዙን አይቻለሁ።

ምርጫው መስከረም ላይ ተደረገ። ሰውየው ተሸነፈ፤ የተቀመጠው ተቀምጦ ቀረ። ልጄ ዜናውን የነገረችኝ ገላገለን በሚል ድምፅ ነው።

«በቃ፣ ተሸንፏል። ተይው አሁን።»

«ተሸነፈ እንጂ መች አመነ?»

«እኔ አልሄድም። ትራንስሌትም አላደርግም።»

«ማን ጠየቀሽ?» አልኳትና በማግስቱ ብቻዬን በባስ ሄድኩ። ላጲሷ ከተቆረጠች ጀምሮ ጠረጴዛዬ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ስጽፍ፣ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር የከረምኩት።

ቢሮው ባዶ ሆኗል። የሚያጨበጭቡት ወጣቶች የሉም፤ ካሜራዋም የለችም። ስልኮቹ ተነቅለው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ሰውየው እጀታውን ሰብስቦ፣ ያለ ከረባት፣ የተረፈውን ወረቀት ካርቶን ውስጥ ያጭቃል። የሚያጭቀው እኔን ነው፤ ፊቴ በደርዘን ታስሮ ሲገባ አየሁ። ዓይቶኝ ወንበር አቀረበልኝ። በእንግሊዝኛ አንቱ የለም፤ ስለዚህ እንዳናገረኝ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

አንዱን ወረቀት አንስቼ ፎቶው ላይ ጣቴን አደረግኩ። «ይህቺ እኔ ነኝ» አልኩት። ጽሑፉ ላይ አደረግኩ። «ይኼ ቃል የማን ነው?»

«አሁን ምን ያደርግልሻል?» አለ። «ተሸንፌአለሁ እኮ።»

«አንተ ተሸነፍክ፤ አለቀ። እኔ ውሸታም ነኝ፤ አላለቀም።»

«ማን ነው ውሸታም ያለሽ?»

«አንዲት ሴት። ላጲስ ቆረጠች።»

ይህ አልገባውም። ከቦርሳዬ ግማሿን ላጲስ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ትክ ብሎ አያት። ምን ያህል እንደገባው አላውቅም፤ ግን ካርቶኑን ትቶ ተቀመጠ።

«ይቅርታ» አለ። «እሺ? ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አይ። ጻፍ። ውሸቱ የተጻፈ ነው። እውነቱም ይጻፍ።»

ብዕር ፈለገ፣ ወረቀቱን በጀርባው ገልብጦ ጻፈ። እንድችለው ብሎ ፊደሉን አንድ በአንድ፣ ትልቅ ትልቅ አድርጎ ነው የጻፈው፤ ይህቺን ከእሱ አልነፍጋትም። ፈርሞ ሰጠኝ። ስወጣ በሩ ድረስ ሸኘኝና አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቆመ። ለምዶታል። ከክፉ ይሰውርህ አልኩት። ያን ቀን አሜን ያለ ሰው አልነበረም፤ ራሴ ብዬ ሄድኩ።

ወረቀቱን ባስ ውስጥ ማንበብ ጀምሬ ሦስት ቃል ላይ ቀረሁ። ለልጄም አላሳየኋትም። ሰኞ ጠዋት ክፍል ይዤው ገባሁና አስተማሪዋን ላንብብ አልኳት። መቆም አላስፈለገኝም፤ ግን ቆምኩ። ስደነቃቀፍ ልትረዳኝ ስትል በእጄ ከለከልኳት። ሊዘጋው በፈለገው ምድር ቤት የተማርኩትን ፊደል እየቆጠርኩ፣ እሱ የጻፈውን ቃል በቃል አነበብኩት። መሃል ላይ አስተማሪዋ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ይነቃነቅ ነበር፤ ትስቅ ታልቅስ አልጠየቅኳትም። ስጨርስ የካምቦዲያዋ ጓደኛዬ ወንበሯን ይዛ መጣች። የእሷን ግማሽ ላጲስ ከእኔዋ አጠገብ አስቀመጠች። ሁለቱ አልተጣበቁም፤ ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ላጲስ ነበረን።

የስደተኞች አባት የተባለው ሰውዬ ኮንግረስ ተመልሶ ገባ። በዓመቱ ትምህርታችን ከሦስት ቀን ወደ ሁለት ወረደ። ለዚህ ግን ማንም ቤቴ መጥቶ ፈርሚ አላለኝም።

ወረቀቱ አሁንም አለኝ፤ በአንድ ወገን እኔ እጄን ዘርግቼ፣ በሌላው ወገን የእሱ ትልልቅ ፊደላት። እንዲህ ይላሉ፤

«እሷ ይህን አላለችም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤቱን እንዳልነካ ነግራኛለች፤ ሰምቻለሁ። እንግሊዝኛ በደንብ ብትችል ኖሮ ግን እኔ የጻፍኩትን ትል ነበር ብዬ ነው።»